ሳልድን የመሰከርኩት ምስክርነት

ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። እስኪበርድልኝ ልጠብቅ ብል ደግሞ ሳልጽፈው እቀራለሁ፤ ስለዚህ እንደተናደድኩ ልጻፈው። ማርታ እባላለሁ። ሮቤ ከተማ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የሳንባ ነቀርሳ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። የመጀመሪያው የበሽታው ጥፋት ነው። ሁለተኛው የሰው ጥፋት ነው፤ ከሰዎቹም አንዷ እኔ ነኝ። ዛሬ ድኛለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ይህን ሲያነብ የሚያስል ሰው ካለ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብዬ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በሳል ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሥራ ይጎርፍብኛል፤ ጨርቅ ስቆርጥ፣ ስሰፋ፣ ስተኩስ ነው የምውለው። ሳሉን የጨርቅ ብናኝ ነው ብዬ ናቅሁት። ከዚያ ስተኛ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፤ ያውም በሮቤ ብርድ። ባለቤቴ ደረጀ "ብርድ ልብስ አብዝተሽ ነው" ብሎ አንዱን አነሳልኝ። የሰው ወገብ ስለካ የምውል ሴት የራሴ ወገብ መቅጠኑን ያወቅሁት ቀሚሴን ለሦስተኛ ጊዜ ሳጠብ ነው።

ሰፈራችን ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ቀዱና ታይፎይድ ነው አሉኝ። እዚህ አገር ታይፎይድ የሌለበት ሰው ካለ፣ ክሊኒክ ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው። መርፌውን ጨርሼ ሳሉ ሲብስ ተመለስኩ፤ ታይፈስም አለብሽ ተባልኩ። ሦስተኛ ስሄድ ጨጓራ፣ አራተኛ ስሄድ አለርጂ። "ጨርቅ መንካት ተይ" አለኝ የሚያክመኝ ልጅ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ጨርቅ ትቼ ምን ልብላ? ሦስት ወር ሙሉ ከፊቱ ቁጭ ብዬ ሳስል አንድ ቀን እንኳ "አክታሽን አምጪ" ያለኝ የለም። ሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል ያለበት ሰው አክታው መመርመር እንዳለበት አሁን የመንደሩ ሕፃን ሁሉ እንዲያውቅ አድርጌአለሁ። ያኔ ግን እኔም አላውቅም፤ ማወቅ የነበረበትም አልነገረኝም።

ያወጡኝ የባለቤቴ የደረጀ እናት ናቸው። እማማ አስካለ ጎባ ነው የሚኖሩት፤ ማርያምን የሚወዱ፣ ጾም የማይፈቱ ኦርቶዶክስ ናቸው። እኔ ጴንጤ ሆኜ ልጃቸውን ሳገባ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቴ እህል አልቀመሱም። ያን ሰሞን ልጆቹን ሊያዩ መጡና በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። እኔን ሳይሆን ደረጀን ነው ያናገሩት።

"ይቺ ሴት እኮ አልቃለች። ዓይን የለህም?"

"ሐኪም ቤት እየሄደች ነው፣ እማዬ።"

"የቱ ሐኪም ቤት? አንድ ቦታ አራት ጊዜ ሄዶ ካልዳኑ አምስተኛ ምን ያደርጋል? ተነሽ፣ ጫማሽን አድርጊ።"

ወዲያው በሚኒባስ ጎባ ወሰዱኝ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከብድሬ የመጡ አንዲት እስላም እናት አጠገቤ ነበሩ፤ እሳቸውም ልጃቸውን ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ። ሳንቀጠቀጥ አይተው ጋቢያቸውን ከላያቸው አውልቀው አለበሱኝ። "እርስዎስ?" ብላቸው "አላህ ስብ ሰጥቶኛል" አሉኝ። ከሦስት ወር በኋላ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። አክታዬ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ፣ ግን ስድስት ወር መድኃኒት ሳያቋርጡ ከዋጡ እንደሚድን ነገሩኝ። ደረጀ ያን ማታ ብርጭቆዬን ለይቶ መደርደሪያ ጥግ አስቀመጠው።   ሁለቱን ሴት ልጆቼን አስመረመርናቸው፤ ነጻ ሆኑ፤ እማማ አስካለ ለጊዜው ይዘዋቸው ሄዱ።

መድኃኒቱን የምውጠው ሮቤ ጤና ጣቢያ ነው፤ ጧት ጧት፣ በነርስ ፊት። ነርሷ ሲስተር ሂክማ ትባላለች። እንክብሉን ስትሰጥ ዓይኗን ከአፍሽ ላይ አታነሳም፤ ከዋጥሽ በኋላ "ምላስሽን አንሺ" ትላለች፤ እንደ ፖሊስ ነው የምትፈትሽ። በመጀመሪያው ቀን ሽንቴ ቀይ ሲሆን ደም መስሎኝ እየጮህኩ ተመለስኩ። "የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ነግሬሽ ነበር፣ አልሰማሽኝም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሌንሴን አገኘኋት፤ እሷም ያንኑ መድኃኒት ትውጣለች። ሃያ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባሏ ወደ አጋርፋ በሚወስደው መንገድ ላይ ስንዴ ያርሳል። በጋሪ እየመጣች እኔ ስደርስ ተቀምጣ አገኛታለሁ። "አከም ቡልቴ፣ አዴ ማርታ?" ትለኛለች፤ እንዴት አደርሽ፣ ወይዘሮ ማርታ ማለቷ ነው፤ ፈቀቅም ትልልኛለች። አማርኛዋና ኦሮምኛዋ አንድ ላይ ነው የሚወጣው፤ የእኔም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ማን እንደሚውጥ እንወራረዳለን። ሁለት ወር እንዲህ አብረን ዋጥን፤ ከእህቴ ጋር እንኳ እንደዚያ ቀርቤ አላውቅም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

ረቡዕ ረቡዕ የቤት ኅብረት አለን። መሪያችን ወንድም ታምራት ይባላል፤ ስንዴ ይነግዳል፣ እኩያዬ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ንዴቴ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ያን ሰሞን የምናጠናው ስለ መታዘዝ ነበር። እግዚአብሔርን በፍጹም ልቡ የታዘዘ ሰው በከተማ ይባረካል፣ በእርሻው ይባረካል፤ ሲገባም ሲወጣም፣ እንቅቡና ቡሃቃው ሳይቀር። ይህን ክፍል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እወደዋለሁም። ወንድም ታምራት ግን እዚያ አላቆመም። ወረድ ብሎ ባልታዘዘው ላይ የሚመጣውን አነበበ። ክሳትና ንዳድ የሚለው ላይ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። አርባ ኪሎ ልሞላ ትንሽ የቀረኝ ሴት ጥግ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ ክሳት ሌላ ማን ላይ ይፈልጉ?

"እህት ማርታ፣ ያልታዘዝሽው ነገር ካለ ልብሽን መርምሪ" አለኝ።

መረመርኩ። ሰው ልቡን ከመረመረ የማያገኘው ነገር የለም። ከአማቴ ጋር ተጣልቼ እንደነበር አገኘሁ፤ ዐሥራት ያጓደልኩበትን ወር አገኘሁ፤ እሑድ ዩኒፎርም የሰፋሁበትን ቀን አገኘሁ። ንስሐ ገባሁ። ወንድም ታምራት ሦስት ቀን ውኃ ብቻ እየጠጣ ጾመልኝ፤ ይህን አልክድም። እኔም አብሬው ጾምኩ፤ ያንን እንክብል በባዶ ሆዴ ውጬ ጤና ጣቢያው አጥር ሥር አስመለስኩ። እሱም "ጌታ እየነቀለልሽ ነው" አለኝ።

ሁለት ወር ሲሞላ ሳሉ ቆመ፣ ስምንት ኪሎ ጨመርኩ፣ ፊቴ መለሰ። አራት ወር መድኃኒት ይቀረኛል። ወንድም ታምራት አየኝና ዓይኑ እንባ ሞላ። "እሑድ ትመሰክሪያለሽ" አለኝ። እኛ ዘንድ የጸሎት መልስ ያገኘ ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል፤ ያልመሰከረ እንዳላመሰገነ ይቆጠራል። ቆምኩ። ክሊኒኩን ተናገርኩ፣ ላቡን ተናገርኩ፣ ጾሙን ተናገርኩ፣ ጌታ ፈጽሞ እንደፈወሰኝ ተናገርኩ። መድኃኒቱን ግን አልጠቀስኩም። ረስቼው አይደለም። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። እሱ ሲገባበት ተአምሩ የሚያንስ መሰለኝ። እልልታው ቤቱን ሞላው። ሌንሴም ያን ቀን መጥታ ነበር፤ "ልመሰክር ነው" ብዬ ራሴ ጋብዣት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ልሄድ ጫማዬን ሳደርግ ወንድም ታምራት ደወለ። ወዴት ነሽ አለኝ፣ ነገርኩት።

"ከመሰከርሽ በኋላ መድኃኒት መዋጥ ምስክርነትሽን መካድ አይሆንም?" አለኝ። "በግማሽ ልብ አይታዘዙትም፣ እህቴ።"

ጫማዬን አወለቅሁ።

 ትልቅ ሴት ነኝ፤ ነጋዴ ሜትር ሲያሳንስብኝ ገበያ መሃል የምደባደብ ሴት ነኝ። ለአንድ የስልክ ቃል ጫማ አወለቅሁ። ሲስተር ሂክማ ደወለች፤ አላነሳሁም። ሰው ላከች፤ ደረጀን "የለችም በል" አልኩት። እሱም "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ አንዴ ጠየቀና የለችም ብሎ መለሳቸው። አንዴ ጠይቆ የሚተወው ነገር ሁሉ ያናድደኛል።

ሦስት ወር ደህና ነበርኩ። በአራተኛው ሳሉ ተመለሰ፤ መጀመሪያ መሐረቤ ውስጥ ደበቅሁት። ጉባኤ ፊት ዳንኩ ብዬ ዛሬ እንዴት ሳልኩ እላለሁ? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳል ሲመጣብኝ ወጥቼ ሽንት ቤት ጀርባ አስል ነበር። በሽታው ካመጣብኝ ይልቅ ምስክርነቱ ያመጣብኝ ፍርሃት ይብስ ነበር። አንድ ቀን መሐረቡ ላይ ደም አየሁ። እማማ አስካለም አዩት፤ ልጆቹን ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጠጋ ብለው መሐረቡን ከእጄ ወሰዱና አጣጠፉት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ" አሉኝ። "እኔ ጸበል እጠጣለሁ፤ የደም ግፊት ኪኒኔንም እውጣለሁ። አንዱ ሌላውን ተቀይሞት አያውቅም።"

በማግስቱ ጧት እጄን ይዘው ሲስተር ሂክማ ፊት አቆሙኝ። ሲስተር አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መድኃኒቱ መጀመሪያ ብዙውን ተሕዋስ እንደሚገድል፣ ስለዚህ ሰውዬው የዳነ እንደሚመስለው፣ ተደብቆ የሚቀረውን የሚጨርሰው ግን የቀረው አራት ወር እንደሆነ እንደ ልጅ አስረዳችኝ። የተረፈው ተሕዋስ መድኃኒቱን ለምዶ ከሆነ ነገሩ ከባድ እንደሚሆንም ነገረችኝ፤ ያ ደግሞ ረጅም ሕክምና ነው፣ ሰው ይሞትበታል። አክታዬ ለዚያ ምርመራ ተላከ። ውጤቱን የጠበቅሁበትን ጊዜ ለጠላቴ አልመኝለትም። ልጆቼን በመስኮት ነበር የማያቸው። አልለመደም ተባለ። ከመጀመሪያው ቀን እንደገና ጀምሪ፣ ስድስት ወር።

እንደ ድሮው ቦታዬ ላይ ስቀመጥ አግዳሚው ባዶ ነበር። "ሌንሴ ጨረሰች?" አልኩ፤ ቆጥሬ መጨረሷን ገምቼ ነበር።

ሲስተር ሂክማ በየቀኑ የተዋጠው ምልክት የሚደረግበትን የሌንሴን ካርድ አወጣችልኝ። ከመሰከርኩበት እሑድ በኋላ ያለው ሳጥን ሁሉ ባዶ ነበር፤ ልክ እንደ እኔ።

"ቤቷ ድረስ ሄጄ ነበር" አለች። "'አዴ ማርታ ያለ መድኃኒት ድናለች፤ እኔም እታዘዛለሁ' አለችኝ። እምቢ ካለች በግድ አላስውጣትም።"

ያኔ ነው ራሴን የጠላሁት። እኔ ብሞት በውሸቴ ነው። እሷ ብትሞት ግን በእኔ ውሸት ነው።

ደረጀ በሞተር አደረሰኝ። ሌንሴ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር፤ ክንዷ እንጨት አክሏል። ከሩቅ ቆሜ፣ ጭምብሌን አድርጌ፣ ታምሜ እንደተመለስኩ፣ መድኃኒት እንደጀመርኩ ነገርኳት። ሰማችኝና ራሷን ነቀነቀች።

"እምነትሽ አነሰ፣ አዴ ማርታ። የኔ ግን አላነሰም።"

"ሌንሴ፣ ያን ቀን ዋሽቻለሁ።"

"ጉባኤ ፊት በጌታ ስም ነው የተናገርሽው። አሁን ግን ከጉባኤ ተደብቀሽ እዚህ መጣሽ። የቱን ልመን?" አለችኝ። ከዚያ ሳሉ ያዛት፤ አጎንብሳ ስትስል የጀርባዋ አጥንት በቀሚሷ ላይ ይቆጠራል።

 ልጅቷ ልክ ናት። የዋሸሁት አደባባይ ላይ ነው፤ እውነቱን ጓሮ ለጓሮ ይዤ ብዞር ማን ይቀበለኛል?

ወንድም ታምራት ጋ ሄጄ እሑድ መናገር እንደምፈልግ ነገርኩት። "ለብቻችን እንጸልይበት" አለኝ። ሁለተኛም ሄድኩ፤ "ጉባኤው ይሰናከላል" አለኝ። የሰው ልጅ እየተሰናከለ ሳይሆን እየሞተ ነው አልኩት።  መድኃኒቱን ከጀመርኩ ሳምንታት አልፈው፣ ሲስተር ሂክማም አሁን ለሰው እንደማላስተላልፍ አረጋግጣልኝ፣ አንድ እሑድ ጭምብሌን አድርጌ ገባሁ። ሌንሴ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበረች፤ አፏን በነጠላ ይዛለች። ምስክርነት ያለው ሲባል ተነሳሁ። ወንድም ታምራት መሃል መንገድ ላይ ተቀበለኝ።

"እህት ማርታ፣ ዛሬ አይሆንም።"

"ያኔ ከሆነ ዛሬ ለምን አይሆንም?" ብዬ አልፌው ማይኩን ያዝኩ።

"ጌታ ይባረክ" አልኩ። አሜን አሉ። "እዚህ ቆሜ ዳንኩ ብዬ መስክሬ ነበር።" አሜን። "አልዳንኩም ነበር።" አሜን፤ ካሉ በኋላ ነው የገባቸው። አንዲት እናትማ እልልታ ጀምረው መሃል ላይ አቆሙት።

"ያን ቀን ያያችሁት ሥጋ መድኃኒት ውጬ የመጣ ነው። ሁለት ወር ጧት ጧት ውጫለሁ። እሱን ዘልዬ ነው የነገርኳችሁ። ጌታን ላስከብር ብዬ በስሙ ዋሸሁ። መድኃኒት ያቆመ ካለ፣ እኔን ሰምቶ ያቆመ ካለ፣ ነገ ጧት ይሂድ።"

ማይኩ ጠፋ። ማን እንዳጠፋው አላየሁም። ማይክ ጠፋ ብላ ዝም የምትል ሴት አይደለሁም፤ ሳንባዬ በቻለው መጠን ጮህኩ። አንዱ ከወንዶቹ በኩል "እምነትሽ ጎድሎ ነው" አለ። "የጎደለውስ ሳንባዬ ነው" አልኩት። "እምነቴ ባይኖር እዚህ መቆም እችል ነበር? የሶርያው ጦር አለቃ ለምጽ ይዞት ዮርዳኖስ ወርደህ ሰባት ጊዜ ታጠብ ተባለ፤ ተቆጣ፣ ነገሩ ቀለለበት፤ ኋላ ግን ታዘዘ። በሁለተኛው ብቅ ብሎ ቆዳዬ ለሰለሰ ብሎ ቢወጣስ ኖሮ? በሁለተኛው የወጣሁት እኔ ነኝ። በፍጹም ልብ መታዘዝ ማለት ሰባቱንም መጨረስ ነው፤ እውነቱንም መናገር ነው።" ከዚያ ሳሉ ያዘኝና ወጣሁ። ሌንሴን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

ወንድም ታምራት ተከትሎኝ ወጣ። እያለቀሰ ነበር። "ሦስት ቀን ጾሜልሽ ነበር እኮ" አለኝ።

"አውቃለሁ። ከምትጾምልኝ ቁርሴን አብልተህ ጤና ጣቢያ ብታደርሰኝ ኖሮ፣ ወንድም ታምራት።"

እስከ ዛሬ ሰላም እንባባላለን፤ ከሰላም በላይ ግን አላለፍንም። ኅብረቱ ውስጥ የታመመ ሲኖር አሁን ሐኪም ቤት ሂድ እንደሚል ሰምቻለሁ። ደስ ይለኛል፤ ንዴቴን ግን አልቀነሰልኝም። እግዚአብሔርን አልተቀየምኩትም። ስድስቱን ወር አንድ ቀን ሳላጎድል ዋጥኩ፣ ማቅለሽለሹንም ችዬ፣ ዝናብም ሳይበግረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ታዝዤ አላውቅም፤ በረከቱንም አይቻለሁ፣ ልጆቼ አሁን አልጋዬ ላይ ይተኛሉ።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሰኞ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ማክሰኞም። ረቡዕ እንክብሌን ውጬ ለመሄድ አልቻልኩም፤ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። ሐሙስ ባሏ በጋሪ አመጣት፤ አቅፎ ነው ያወረዳት። ፈቀቅ አልኩላት። እሷ ግን ሌላኛው ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። ሲስተር ሂክማ አክታዋን ተቀበለች፣ መዘነቻት፣ ጻፈች። ከቀናት በኋላ የእሷም በሽታ መድኃኒቱን አለመልመዱ ሲነገራት እዚያው ነበርኩ። ሲስተር የመጀመሪያዎቹን እንክብሎች መዳፏ ላይ ስታስቀምጥላት ሌንሴ ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺን ይቅር አላልኩሽም" አለችኝ።

"አትበዪኝ" አልኳት። "ብቻ ዋጪው።"

ዋጠች። ምላሷን አነሳች። ከዚያ በኋላም እንዲሁ በየጥጋችን ተቀምጠን ዋጥን፤ እኔ ቀድሜ ጨረስኩ፣ እሷም ጨረሰች፤ አክታዋም ንጹሕ ሆነ። ዛሬ የገበያ ቀን በሱቄ በር ታልፋለች፤ ወፍራለች፣ ሽንኩርቷን አዝላ ፈጠን ፈጠን እያለች ትሄዳለች። ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። ታዙር። ትኑርልኝ እንጂ፣ ዕድሜ ልኳን አታናግረኝ።